አዲስ መንጃ ፈቃድ ላወጣችሁ፦ ቅድሚያ ይሰጣል እንጂ አይወሰድም

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ከምትጠይቁን ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ ግን መንገድ ላይ ስወጣ የተማርኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?»

እውነቱን ለመናገር እኛም ከናንተ አንሻልም። ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር።

ከመካከላችን አንዷ በቅርቡ መንጃ ፈቃድ አወጣች። የቲዎሪውን ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ ነው ያለፈችው። እንዴት? ብዙዎቻችን እንደምናደርገው፣ በቴሌግራም የሚዞረውን የጥያቄና መልስ ፒዲኤፍ ሸመደደችው። የተግባሩንም አለፈች። ከዚያ የአጎቷን ቪትዝ ይዛ፣ እሳቸውን አጠገቧ አስቀምጣ መለማመድ ጀመረች።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት አካባቢ በቀኝ ረድፍ እየነዳች ነው። ከፊቷ ዜብራ አለ። ዩኒፎርም የለበሰ ትንሽ ልጅ ዳር ላይ ቆሟል። ቆመችለት። በእጇም «እለፍ» አለችው። ልጁ ሮጥ ሮጥ እያለ መሻገር ጀመረ። በዚህ መሃል በግራዋ ባለው ረድፍ አንድ ሚኒባስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ መጣ። ሹፌሩ ያየው የቆመች ቪትዝ ነው እንጂ ልጁን አይደለም። አጎቷ እጃቸውን ዘርግተው ክላክሱን ተጫኑት። ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ ዘለለ። ምሳ ዕቃው ዜብራው ላይ ወደቀ። ሚኒባሱ አለፈ።

ልጁ ምንም አልሆነም። ምሳ ዕቃውን አንስቶ ሄደ። ባልደረባችን ግን መኪናውን ዳር አስይዛ፣ እጇ እየተንቀጠቀጠ ብዙ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ትክክል ነው ያደረግኩት!» አለቻቸው።

«ትክክል ነሽ ልጄ» አሏት። «ግን አንቺ የሰጠሽው ያንቺን ቅድሚያ ነው። የሚኒባሱን ቅድሚያ አንቺ ልትሰጪለት አትችይም።»

ይሄን ጽሑፍ የጻፍነው በዚህ አባባል ምክንያት ነው። ፈተና ላይ ስለ ቅድሚያ ስንጠየቅ «ማን ይቀድማል?» ብለን ነው የምናስበው። ሕጉ ግን የተጻፈው በተቃራኒው ነው። ምልክቱ ራሱ «ቅድሚያ ስጥ» ነው የሚባለው። «ቅድሚያ ውሰድ» የሚል ምልክት የለም። ቅድሚያ ሌላው ሰው ሲሰጣችሁ የምታገኙት ነገር ነው። እስኪሰጣችሁ ድረስ፣ ሕጉ ከናንተ ጋር ቢሆንም፣ መንገዱ የናንተ አይደለም።

እስቲ ምልክቱንም፣ መስመሩንም፣ መብራቱንም በዚህ ዓይን እንያቸው።

ምልክቶቹን በቅርጻቸውና በቀለማቸው ያዟቸው

የመንገድ ዳር ምልክቶችን አንድ በአንድ ለመሸምደድ የሞከረ ሰው መንገድ ላይ ይጠፉበታል። ምክንያቱም በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዳችሁ ምስሉን ለማሰላሰል ጊዜ የለም። ቅርጹና ቀለሙ ግን ከሩቅ ይናገራል። ሦስት ትልልቅ ቤተሰቦች አሏቸው በሉ፦ የሚያስጠነቅቁ፣ የሚቆጣጠሩ እና መረጃ የሚሰጡ።

ሦስት ማዕዘን፣ ጫፉ ወደ ላይ፣ ዙሪያው ቀይ ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው። «ከፊትህ አንድ ነገር አለ፣ ተዘጋጅ» ይላል። ጠመዝማዛ መንገድ፣ የሚጠብ መንገድ፣ ተማሪዎች፣ እንስሳት፣ ቁልቁለት ሊሆን ይችላል። ምስሉ በደንብ ባይታያችሁ እንኳ ሦስት ማዕዘን ካያችሁ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ። ትርጉሙ ስትጠጉ ይገባችኋል።

ክብ ሆኖ ዙሪያው ቀይ ከሆነ ክልከላ ወይም ገደብ ነው። ውስጡ ቁጥር ካለ ከዚያ ፍጥነት በላይ መሄድ አይቻልም። ሙሉ ቀይ ክብ ሆኖ መሃሉ ላይ ነጭ አግዳሚ ካለበት «በዚህ መግባት ክልክል ነው» ማለት ነው። ይሄኛውን ማወቅ ግዴታችሁ ነው። በአንድ አቅጣጫ መንገድ በተቃራኒ የሚገባ መኪና ከፊቱ ከሚመጣው ጋር ነው የሚገናኘው።

ክብ ሆኖ ሰማያዊ ከሆነ ግዴታ ነው። ቀስቱ ወደ ቀኝ ካሳየ ወደ ቀኝ ትሄዳላችሁ፣ በቃ። ቀይ ክብ «አታድርግ» ሲል ሰማያዊ ክብ «ይሄን አድርግ» ይላል።

አራት ማዕዘን ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ መረጃ ነው። ሆስፒታል፣ ማቆሚያ ቦታ፣ የእግረኛ ማቋረጫ፣ ርቀት ይነግራችኋል።

ሁለት ምልክቶች ደግሞ ከሁሉም የተለየ ቅርጽ አላቸው። ስምንት ማዕዘኑ «ቁም» ነው። ጫፉ ወደ ታች የተገለበጠው ሦስት ማዕዘን ደግሞ «ቅድሚያ ስጥ» ነው። ለምን የተለየ ቅርጽ ተሰጣቸው? በጭቃ ቢሸፈኑ፣ ቀለማቸው ቢለቅ፣ ወይም ከጀርባቸው ብታዩዋቸው እንኳ በቅርጻቸው ብቻ እንዲታወቁ ነው። በመስቀለኛ መንገድ ላይ ለሌላው ሹፌር የተሰቀለውን ምልክት ከጀርባው አይታችሁ «እሱ መቆም አለበት» ማለት ትችላላችሁ። ይቆማል ማለት ግን አይደለም!

«ቁም» እና «ቅድሚያ ስጥ» አንድ አይደሉም

ብዙ አዲስ አሽከርካሪ እነዚህን ሁለቱን ያምታታል። «ቁም» ሲል ጎማው ሙሉ በሙሉ መቆም አለበት። መንገዱ ባዶ ቢሆንም ትቆማላችሁ፣ ግራ ቀኝ ታያላችሁ፣ ከዚያ ትሄዳላችሁ። ቀነስ አድርጎ ማለፍ መቆም አይባልም። ይሄ ምልክት የሚተከለው እየተንቀሳቀሱ ማየት በማይበቃበት ቦታ ነው። ግንብ፣ ዛፍ ወይም ኩርባ እይታውን ይከልለዋል።

«ቅድሚያ ስጥ» ደግሞ የሚመጣ ከሌለ ሳትቆሙ ማለፍ ትችላላችሁ ይላል። የሚመጣ ካለ ግን ትጠብቃላችሁ። መለኪያው ቀላል ነው። በናንተ መግባት ምክንያት ሌላው ሹፌር ፍሬን ከያዘ ወይም መሪውን ካዞረ ቅድሚያ አልሰጣችሁትም። ነጠቃችሁት።

ማን ይስጥ?

መንገድ ላይ የሚያዙን አካላት ደረጃ አላቸው። ከሁሉም በላይ ትራፊክ ፖሊሱ ነው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ትራፊኩ እጁን ዘርግቶ ካስቆማችሁ ትቆማላችሁ። ቀጥሎ መብራቱ ነው፤ ከመብራቱ ቀጥሎ ምልክቱ፤ ምልክትም ከሌለ አጠቃላይ ደንቡ።

ምልክት፣ መብራትም ትራፊክም የሌለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ደንቡ በቀኛችሁ ለሚመጣው ቅድሚያ ስጡ ነው የሚለው። መብራት በጠፋ ቁጥር የከተማው መገናኛዎች ሁሉ ወደዚህ ደንብ ይመለሳሉ። የትራፊክ መብራቱ ጠፋ ማለት ሕጉ ጠፋ ማለት አይደለም። ቢጫው ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነም «ቅድሚያ እየሰጠህ በጥንቃቄ እለፍ» ማለት ነው።

አደባባይ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ወደ አደባባዩ የምትገቡ ከሆነ ውስጥ ሆነው ለሚዞሩት፣ ማለትም ከግራችሁ ለሚመጡት፣ ትጠብቃላችሁ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚገባው ቅድሚያ ቢኖረው ኖሮ አደባባዩ ይሞላል፤ የሚወጣም አይኖርም፤ ሁሉም ተቆላልፎ ይቀራል። አንዳንድ ቀን ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ የምናየው መቆላለፍ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሁሉም አፍንጫውን ያስገባና ማንም አይንቀሳቀስም። ወደ መጀመሪያው መውጫ በቀኝ የምትታጠፉ ከሆነ ቀኙን ረድፍ ይዛችሁ ግቡ። ስትወጡም የቀኝ ፍሬቻ አሳዩ። ለመግባት የሚጠብቀው ሰው መውጣታችሁን የሚያውቀው በፍሬቻው ብቻ ነው።

ወደ ግራ ስትታጠፉ ከፊት ለፊታችሁ ቀጥ ብሎ ለሚመጣው ትጠብቃላችሁ። ከግቢ፣ ከነዳጅ ማደያ ወይም ከማቆሚያ ስትወጡ ደግሞ መንገዱ ላይ ላሉት ሁሉ፣ የእግረኛ መንገዱን ለሚያልፈው ሰውም ጭምር፣ ቅድሚያ ትሰጣላችሁ።

ሳይረን የሚያሰማ አምቡላንስ ወይም የእሳት አደጋ መኪና ስትሰሙ ቀኛችሁን ይዛችሁ መንገድ ልቀቁ። ከኋላው ተከትሎ መንዳት «ብልጥነት» የሚመስለው አለ። የተከፈተው መንገድ ለበሽተኛው እንጂ ለኛ አልነበረም።

አስፋልቱ ላይ የተጻፈው

ምልክት ዳር ላይ ብቻ አይደለም ያለው። መስመሩም ይናገራል። የተቆራረጠው መስመር፣ ሁኔታው ካመቸ፣ ረድፍ መቀየር ወይም መቅደም ይቻላል ይላል። ያልተቆራረጠው መስመር ግን እንደ ግድግዳ ነው፤ አይረገጥም። ሁለቱ ጎን ለጎን ከተሠመሩ የሚገዛችሁ ወደናንተ የቀረበው ነው። ለናንተ የቀረበው የተቆራረጠ ከሆነ መሻገር ይቻላል። ያልተቆራረጠው ከሆነ አይቻልም። ከፊት ለሚመጣው ሹፌር ሕጉ በተቃራኒው ነው።

ያልተቆራረጠው መስመር የት ነው የሚሠመረው? ኩርባ ላይ፣ የዳገት አናት ላይ፣ ድልድይ አካባቢ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የሚመጣውን ማየት የማትችሉበት ቦታ። ከአዲስ አበባ ወጣ ብላችሁ ወደ ሱሉልታ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ስትነዱ ከከባድ መኪና ኋላ ተይዛችሁ ትዕግስታችሁ ያልቃል። ያኔ መስመሩን እዩት። መስመሩን ያሠመረው ሰው ያንን ኩርባ ከናንተ በፊት አይቶታል።

በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ ግራው ረድፍ ለመቅደሚያ ነው። ቀድማችሁ ስትጨርሱ ወደ ቀኝ ተመለሱ። መውጫ ካመለጣችሁ እስከሚቀጥለው መውጫ ንዱ። በፍጥነት መንገድ ላይ ወደ ኋላ መንዳት፣ ጥቂት ሜትርም ቢሆን፣ በምንም አያዋጣም።

የጥርጣሬ ቋንቋ፦ የፊት መብራት፣ ፍሬቻና ክላክስ

ይሄ መጽሐፍ ላይ የሌለ ትምህርት ነው። ከተማ ውስጥ አንድ ሹፌር የፊት መብራቱን ብልጭ ሲያደርግላችሁ ምን ማለቱ ነው? አንዱ «እለፍ» ማለቱ ነው። ሌላው «መጣሁ፣ እንዳትገባ» ማለቱ ነው። ሁለቱም በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገጥሟችኋል። ስለዚህ በመብራት ብልጭታ ብቻ ተማምናችሁ አትግቡ። መኪናው በእርግጥ ፍጥነቱን ሲቀንስ ስታዩ ብቻ ግቡ።

አንዳንዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ ለማለፍ አራቱንም ፍሬቻ ያበራል። ከጎኑ ያለው ሰው ግን የሚያየው የአንዱን ጎን ብቻ ነው። «ሊታጠፍ ነው» ብሎ ይገባል። ቀጥ የሚሄድ ሰው ፍሬቻ አያስፈልገውም። አራቱም ፍሬቻ የተሠራው ተበላሽታችሁ ስትቆሙ ወይም ድንገተኛ አደጋ ሲኖር ሌላው እንዲጠነቀቅ ነው።

ፍሬቻ የሚበራው መሪውን ማዞር ከጀመራችሁ በኋላ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ ትከሻችሁን ዘወር አድርጋችሁ ጎናችሁን ማየት፣ ከዚያ መሪ። ትከሻችን ላይ ያለውን ቦታ ስፖኪዮ አያሳይም። ሞተረኛውና ባጃጁ ደግሞ የሚደበቁት እዚያ ነው።

ማታ ከፊት መኪና ሲመጣ ረጅሙን መብራት ወደ አጭር መልሱት። እሱ ካልመለሰ አትበቀሉት። ሁለት የማያዩ ሹፌሮች ከአንድ የማያይ ሹፌር ይብሳሉ።

ፍጥነት፦ ሒሳቡን አብረን እንሥራ

«በ60 ብነዳ ምን ችግር አለው? ፍሬን አለኝ» የሚል ሰው ሁላችንም እናውቃለን። እስቲ እንቁጠር።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ነው። ልጅ ሲገባ አይታችሁ እግራችሁ ፍሬን እስኪደርስ 1 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። በዚያ 1 ሰከንድ መኪናው ምንም ሳይቀንስ 17 ሜትር ሄዷል። ከዚያ ፍሬኑ ይዞ እስኪቆም፣ ደረቅ አስፋልትና ጥሩ ጎማ ቢኖር እንኳ፣ ሌላ 20 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በድምሩ 37 ሜትር።

በ30 ስትነዱስ? በ1 ሰከንድ 8 ሜትር፣ ለፍሬን 5 ሜትር። በድምሩ 13 ሜትር ገደማ።

አሁን ልጁ 14 ሜትር ርቀት ላይ ገባ በሉ። በ30 የሚነዳው ሰው ከልጁ ፊት ይቆማል። በ60 የሚነዳው ሰው ደግሞ ልጁ ጋ ሲደርስ እግሩ ገና ፍሬን ላይ አላረፈም። በሙሉ ፍጥነቱ ነው የሚመታው። ፍጥነቱ በእጥፍ ጨመረ፤ የሚያስፈልገው ርቀት ግን ወደ ሦስት እጥፍ ተጠጋ።

ዝናብ ሲሆን ይሄ ሁሉ ይረዝማል። በተለይ ከረጅም በጋ በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ አስፋልቱ ላይ ከተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ጋር ተቀላቅሎ መንገዱን ያንሸራትታል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ብቻ ይዞ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ ሲግል አይዝም። ከእንጦጦ ስትወርዱም ሆነ በዓባይ በረሃ ስታልፉ ማርሽ ቀንሱና መኪናውን በሞተሩ ያዙት።

ስልካችሁ

ይሄን ጽሑፍ በስልካችሁ ነው የምታነቡት። ስለዚህ ከኛ በላይ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም፦ አሁን መሪ ላይ ከሆናችሁ ዝጉት።

መልእክት ለማየት 3 ሰከንድ በቂ ነው። በ60 ስትነዱ በ3 ሰከንድ 50 ሜትር ትሄዳላችሁ። የኳስ ሜዳ እኩሌታ ማለት ነው። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግማሽ ሜዳ ትነዳላችሁ? ስልኩ ማቆሚያው ላይ መሰካቱ፣ እጃችሁ ነፃ መሆኑ ልዩነት አያመጣም። ችግሩ ዓይናችሁና ሐሳባችሁ የት ነው የሚለው ነው። የራይድ ሥራ የምትሠሩ ወጣቶች ይሄ እንደሚከብዳችሁ እናውቃለን፤ ካርታውም ደንበኛውም ያለው ስልኩ ላይ ነው። ጥሪ ሲመጣ ዳር ይዛችሁ መልሱ። ካርታውን ከመነሳታችሁ በፊት አስተካክሉት።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ገደማ ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ለሆኑት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይሄ ነው። ይሄ ማለት የዚህ ገጽ አንባቢዎች አብዛኞቹ ያሉበት ዕድሜ ነው። ያው ድርጅት ቀበቶ ማሰር የፊት ተቀማጮችን የሞት አደጋ እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ይናገራል። ቀበቶ ትራፊክ ሲታይ የሚታሰር ጌጥ አይደለም። ልጅ ታቅፎ ጋቢና መቀመጥም ልጁን አይጠብቀውም፤ መኪናው ድንገት ሲቆም ማንም ክንድ ያንን ኃይል አይዝም።

ተመልሰን ወደ ዜብራው

በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። መኪና ውስጥ ያለነው ብረት ከልሎናል። እነሱን የከለላቸው የኛ እግርና ፍሬን ነው። በኮሪደር ልማቱ የእግረኛውም የብስክሌቱም መንገድ በብዙ ቦታ ሰፍቷል። ይሄ ጥሩ ነው። ግን መንገዱ ሰፋ ማለት ረድፉ በዛ ማለትም ሊሆን ይችላል። ረድፍ ሲበዛ ደግሞ ባልደረባችን የገጠማት ነገር ይበዛል።

ስለዚህ ዜብራ ላይ እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ገና ከሩቅ ቀንሱ። ስትቀንሱ ከኋላችሁ ያለውም ይቀንሳል። ድንገት ስትቆሙ ግን ወይ ይመታችኋል፣ ወይ በጎናችሁ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ ዜብራው ጫፍ ላይ አትቁሙ። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ቀርታችሁ ቁሙ። ያኔ በሌላው ረድፍ የሚመጣው ሹፌር እግረኛውን በናንተ መኪና ፊት ለፊት ያየዋል። እግረኛውም እሱን ያየዋል። ጫፍ ላይ ከቆማችሁ ግን ግድግዳ ሆናችሁበት ማለት ነው። ትንሽ ልጅ ከሆነ ደግሞ ከቪትዝ ኋላ እንኳ አይታይም።

ሦስተኛ፣ በእጃችሁ «እለፍ» አትበሉ። ደግነት ይመስላል፤ ግን ለልጁ «መንገዱ ሁሉ ነፃ ነው» ብላችሁ ቃል መግባት ነው። ያንን ልትገቡለት አትችሉም። ቁሙና ጠብቁ። እሱ ራሱ አይቶ ይወስን።

አራተኛ፣ ከሁሉም በላይ አደራ የምንለው ይሄን ነው። ዜብራ አጠገብ የቆመ መኪና ካያችሁ፣ ለምን እንደቆመ ባይገባችሁም፣ እናንተም ቁሙ። ዜብራ ላይ ለእግረኛ የቆመን መኪና መቅደም ክልክል ነው። «ተበላሽቶ ይሆናል፣ ሰው ሊያወርድ ይሆናል» አትበሉ። ከፊቱ ልጅ አለ ብላችሁ ገምቱ። በዚያ ጠዋት የሚኒባሱ ሹፌር ይሄን አንድ ነገር ቢያደርግ ኖሮ ይሄ ጽሑፍ አይጻፍም ነበር።

አንድ አዲስ ነገር እንጨምር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየመንገዱ በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ ድምፁ አይሰማም። እግረኛው ለዓመታት መኪና የሚያውቀው በጆሮው ነው፤ በተለይ ዓይነ ስውራንና አዛውንቶች። በዚያ ላይ እነዚህ መኪኖች ነዳጅ እንደሚረግጥ ሰው ስትረግጧቸው ቶሎ ነው የሚወረወሩት። ኤሌክትሪክ የምትነዱ ከሆነ «ሰምቶኛል» ብላችሁ አትገምቱ።

እግረኛ ስንሆንስ? መኪና ያለንም የሌለንም ሁላችንም እግረኞች ነን። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ግራችንን ይዘን እንሂድ፤ የሚመጣብንን መኪና ፊት ለፊት እናየዋለን። ቀለበት መንገድ ላይ አካፋዩን ዘሎ መሻገር ይቅርብን፤ ድልድዩ ዳገት ቢሆንም ያሻግራል።

አደጋ ቢደርስስ?

አይድረስባችሁ። ከደረሰ ግን ቁሙ። ጥሎ መሄድ ወንጀል ነው፤ ከወንጀልም በላይ የተጎዳው ሰው የሚድንባትን ጊዜ መስረቅ ነው። አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፤ ትክክለኛ ጊዜው አሁን ነው። ከኋላ የሚመጣው እንዲያይ ራቅ አድርጋችሁ ምልክት አስቀምጡ። ለፖሊስ 991፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። የተጎዳውን ሰው እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላስፈራው በቀር ጎትታችሁ አታንቀሳቅሱት፤ አንገትና አከርካሪው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ግዴታ ነው። የሰው መኪና ስትዋሱ መጀመሪያ የምትጠይቁት ነገር ይሄ ይሁን። መድኑ ጊዜው አላለፈም? ቦሎው ታድሷል? ሊብሬው መኪናው ውስጥ አለ? የናንተስ መንጃ ፈቃድ ያንን የመኪና ዓይነት ይፈቅዳል?

ስክሪንሻት አድርጉት

• ሦስት ማዕዘን ማስጠንቀቂያ፣ ቀይ ክብ ክልከላ፣ ሰማያዊ ክብ ግዴታ፣ አራት ማዕዘን መረጃ።
• «ቁም» ሲል ጎማው ይቁም። «ቅድሚያ ስጥ» ሲል ሌላው ፍሬን እንዳይዝ።
• ምልክት የሌለው መስቀለኛ ላይ ከቀኝ ለሚመጣው፣ አደባባይ ላይ ውስጥ ላለው ስጡ።
• የመብራት ብልጭታን አትመኑ፤ የጎማውን መቀነስ እመኑ።
• ዜብራ ጋ የቆመ መኪና ካለ ከፊቱ ልጅ አለ።

ባልደረባችን አሁንም በዚያ መንገድ ትነዳለች። ዜብራው ጋ ስትደርስ ከሩቅ ትቀንሳለች፣ ወደ ኋላ ቀርታ ትቆማለች፣ እጇን መሪው ላይ ታደርጋለች፣ በግራ ስፖኪዮ ታያለች። አንዳንዴ ከኋላዋ ክላክስ ይደበደብባታል። አንዳንዴ ደግሞ በግራዋ ያለው ሚኒባስም አብሮ ይቆማል። ያን ቀን ልጆቹ ሳይሮጡ ይሻገራሉ።

ሰሞኑን መንጃ ፈቃድ ያወጣ የምታውቁት ሰው ካለ ይሄን ላኩለት። እናንተስ መጀመሪያ ሰሞን ምን ገጠማችሁ? ጻፉልን፣ እናነበዋለን። በሰላም ግቡ!